ሦስተኛው ምንባብ

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ሰም ሰም በሚሸት ክፍል፣
አምስት ሆነን ቁጭ አልን፣ ምንባብ ልናጓድል።
ደሴታችን ፒኮ፣ ጥቁር የእሳት ድንጋይ፣
ላሙ ከሰው በልጦ፣ አትላንቲክ መሃል ላይ።

ሰባት ነው በደንቡ፣ ለትንሣኤ ሌሊት፤
ሰባቱን ካነበብን ይነጋል በጸሎት፤
ላሚቱ ግን አታውቅ፤ ትታለባለች ጧት።

አባ አማንሲዮ ጉንፋን ይዟቸዋል፤
መነጽር ጠራርገው፣ “አራት ይበቃናል፤
ሦስተኛው አይነካም፤ ሌላው ይመረጣል።”

ባሮክን አስቀረን፤ ረዝሞ አስቸገረ፤
ሕዝቅኤል በአንድ ድምፅ ተሸንፎ ቀረ፤
ኢሳይያስ ያለ ሙግት ገብቶ አደረ።
ሦስተኛው የባሕር ነው፤ መከፈት መዘጋቱ፤
ሕዝቡን አሻግሮ ጦሩን ከነፈረስ መብላቱ።

እዚያ ላይ ስንደርስ ማንም ቀና አላለ።

ዴኦሊንዳ አለች፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያን ገጽ የምታነብ።
ኅዳር ላይ ነው ልጇ፣ ቪርጂሊዮ የሚሉት፣
ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በዚያው የቀረባት።
ጀልባው ግን ተገኘ፤ ወለሉ ላይ ብርቱካን፣
ግማሹ የተላጠ። ሌላ ምንም አላየን።

“ሦስተኛውን ዘንድሮ ሌላ ሰው ያንብበው”
አሉ አባ፣ መሬቱን በዐይናቸው ቆፍረው።
አይብ ሠሪው ኤውዜቢዮ፣ “ጭራሹን ይዘለል፤
እግዜር ምንባብ ቆጥሮ ማንን ይከስሳል?”

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የኔ ሁለተኛው፣
አብርሃም ልጁን ይዞ ተራራ የወጣው።
ሦስት ሳምንት ለፋሁ፣ ከመስታወት ፊት፤
ቢላዋው ሲነሣ ድምፄ የሚሰበርበት
ቦታው እንዳይጠፋኝ በእርሳስ አስምሬበት።

ያኔ ተናገረች፤ ዐይኗ ከመስኮቱ ሳይነሣ።

“ሁለተኛውን ሰርዙ። ዘንድሮስ አልሰማም።
የዚያ ሰው ልጅ ወርዷል፤ ተራራ አልቀረም፤
በግ ተገኝቶለታል።
ሦስተኛውን ግን ተዉት፤ የኔ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ካለፉት ጋር ቆሜ፣
ሳነብበው ኖርኩኝ፣ ድሉን አጣጥሜ።
ከውኃው በታች ያሉት የማን ልጆች ናቸው?
ብዬ አላውቅም ነበር። እናት አላቸው።
ዘንድሮ ለነሱም አነብላቸዋለሁ።”

አባ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ፤
ጉንፋን ይሁን ሌላ፣ እሳቸው ያውቃሉ።
ስሜን ከዝርዝሩ በገዛ እጄ ሰረዝኩ፤
ሕዝቅኤል ተመልሶ በኔ ቦታ ገባ፤
ለኔ ደወል ደረሰኝ፤ ገመድ መሳብ ብቻ።
(እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።)

ሌሊቱ ደረሰ። በየእጃችን ሻማ፤
ደጅ ጥቁሩ ድንጋይ በማዕበል ሲደማ፤
ዴኦሊንዳ ወጣች፤ መጽሐፉን ገለጠች፤
ሰባኪ ሳትመስል፣ ደብዳቤ እንደመጣላት ሰው አነበበች።
ሕዝቡ ተሻገረ። ጎህ ሲቀድ ውኃው ዞረ።
ከገቡት መካከል አንድም እንዳልቀረ
የሚለው ላይ ደርሳ

ቆመች።

ሰሙ በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ አላራገፍኩትም።
ኤውዜቢዮ አንዴ ሳለ።
ባሕሩ ከውጭ ያንኑ ስንኝ ሁለት ጊዜ አነበበ።

ከዚያ በቀስታ፣ ዕቁብ እንደምትቆጥር፣
“አንድም” አለች ደግማ። “አንድም።” ገጹን ገለጠች።

ቀጥሎ ያለው መዝሙር የአሸናፊዎች ነው፤
ልጆቹ ከበሮ ይዘው ሳምንት ተለማምደዋል፤
ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በመዳፍ አልመቱትም፤
በጣታቸው ጫፍ ብቻ፣ የተኛ ሰው እንዳለ ቤት።

ስትመለስ ከጎኔ ተቀመጠች። ሻማዋን
ከኔ ሻማ ለኩሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።
“ያንተን ገጽ” አለችኝ፣ “እንዳትጥለው፤
ለከርሞ አቆየው። እርሳሱን ግን አጥፋው።”